ስም ሳትጠይቁ «የሕዝብ» አትበሉ

ይድረስ ለደሴና ለኮምቦልቻ ወጣት ሙዚቀኞች፤

የክፍለ ሀገር ልጅ አዲስ አበባ ላይ መድረክ ወጥቶ ሲሸለም እንደማየት ደስ የሚለኝ ነገር የለም። በተለይ እንደ ለዛ ባለ፣ አድማጭ ድምፅ በሚሰጥበት ሽልማት። ከሬዲዮ ጣቢያዎቹ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ መሰማት ቀላል አይደለም። እኔ ግን ዋንጫው ሲነሳ ጆሮዬን የምጥለው ምስጋናው ላይ ነው። ልጁ ፈጣሪውን፣ እናቱን፣ አቀናባሪውን፣ አድናቂዎቹን ያመሰግናል። ዜማውን ከማን እንደሰማው ግን ብዙ ጊዜ አይነግረንም።

ክራር ስመታና ሳስተምር ያረጀሁ ሰው ነኝና ይህን ብል አትቀየሙኝ።

ዘፋኞቹን ማሪቱ ለገሰንና ዘሪቱ ጌታቸውን አገር ያወቃቸው ከወሎ ላሊበላ የኪነት ቡድን ነው። ፒያሳ ላይ ቆማችሁ ስማቸውን ብትጠሩ የማያውቅ አታገኙም። ከኋላቸው ማሲንቆ ሲገዘግዝ የነበረው ማን ነው ብላችሁ ጠይቁ እስቲ።

የድሮ ካሴት ሽፋን ደግሞ አገላብጡ። «ግጥምና ዜማ፦ የሕዝብ» የሚል ታገኛላችሁ። አንዳንዱ እውነት ነው፤ ማን እንደጀመረው የሚያውቅ የለም። አንዳንዱ ግን ለመገላገል የተጻፈ ነው። ግጥሙን ያወጣችው ሴትዮ እዚሁ ሰፈር እያለች የእሷው ስንኝ በሬዲዮ ይመጣላታል፣ ባለቤቱ «ሕዝብ» ሆኖ። እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው።

ሕጉን አንብቡት። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት አንድ ሥራ ወጥ (ከሌላ ያልተቀዳ) ከሆነና ከተጻፈ ወይም ከተቀረጸ ጥበቃ አለው፤ የግድ መመዝገብ የለበትም። የደራሲው የኢኮኖሚ መብትም በሕይወት እስካለ፣ ከሞተ በኋላም 50 ዓመት ይቆያል። «ከተጻፈ ወይም ከተቀረጸ» የምትለዋን ልብ በሉ። የባለ ግጥሟ ስንኝ በቃሏ ብቻ እስካለ ድረስ መከራከሪያ የላትም። ስለዚህ በስልካችሁ ስትቀርጿት መጀመሪያ ስሟን፣ ቀኑንና ቦታውን በራሷ አንደበት አስብሏት። የእውነት የሕዝብ የሆነውን ግን አብሽር፣ ዝፈኑት። አዲስ ቅንብር ከሠራችሁለት ቅንብሩ የናንተ ነው።

(ሰርግ ላይ ግንባራችሁ ላይ የተለጠፈውን ብር ከከበሮ መቺው ጋር የማትካፈሉም አላችሁ። እሱን ሌላ ቀን እንነጋገራለን።)

ወደ ሙያው ልምጣ። ዜማችን ከሚቃኝባቸው ከአራቱ ቅኝቶች፣ ከትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ፣ ባቲና አምባሰል የኛው አገር ስም ናቸው። ታዲያ የኛ ልጅ መድረክ ላይ አምባሰል ብሎ ጀምሮ አንቺሆዬ ሲሉት ኪቦርዲስቱን ቀና ብሎ ሲያይ ያሳፍራል። ክራሩን ከአምባሰል ወደ አንቺሆዬ ማዞር እኮ የሁለት አውታር ነገር ነው። አራተኛውን ድምፅ በግማሽ ድምፅ ታላላላችሁ፣ አምስተኛውን በግማሽ ድምፅ ታከራላችሁ፤ ሌላው ባለበት ይቀመጣል። ያቺ የላላች ግማሽ ድምፅ ናት ዜማውን ሆድ የምታስብሰው። አፕ እያያችሁ ከቃኛችሁት ትክክል ይሆናል፣ ግን ዘፋኙ መሀል ላይ ድምፁ ቢወርድበት ተከትላችሁት መውረድ አትችሉም። ሽማግሌዎቹ ጆሯቸውን ክራሩ ላይ ደፍተው፣ ዘፈኑ ሳይቋረጥ ይቃኙታል። ይሄ በዩቲዩብ አይገባም። አጠገባቸው ተቀምጣችሁ ጣታቸውን ማየት አለባችሁ።

እንዲህ ያሉ ባለሙያዎችን ፍለጋ ከወጣችሁ የባቲ ገበያ ሰኞ ነው። ከኮምቦልቻ ብዙ አይርቅም፤ ስልካችሁን ቻርጅ አድርጋችሁ በጠዋት ውጡ። ከመቅረጻችሁ በፊት አስፈቅዱ፣ ለምትቀርጹት ሰው ጊዜ የሚገባውን ክፈሉ። ዘፈኑ ገንዘብ ካመጣ ስንት ፐርሰንት እንደሚደርሰውም እዚያው በወረቀት አስፍሩ፣ ሁለት ምስክር ይፈርምበት። አንዱን ቅጂ ለሱ ትታችሁ ኑ።