«ፎርማት ይደረግ» ከመባሉ በፊት ፋይሉን ክፈቱና እዩት

መብራት ጠፍቶ ሲመጣ የሱቃችሁ ዛምፕ (XAMPP፣ ሰርቨርና ዳታቤዝ አንድ ላይ የሚጭነው ፕሮግራም) ላይ ማይኤስኪውኤል (MySQL፣ ዳታቤዙ) አልነሳ ብሎ፣ «ባለሙያው ፎርማት እናድርገው ይላል፤ የዳታቤዝ ፋይል ውስጡን የሚያሳዩት ቱሎች ይጠቅማሉ ወይ?» ላልከው ወንድሜ። አቦ፣ በጣም ይጠቅማሉ! እኛን ያተረፉን እነሱ ናቸው።

1. ሰርቨሩን አጥፋና ዳታ የሚለውን ፎልደር እንዳለ ሌላ ዲስክ ላይ ኮፒ አድርግ። የምትሞክረው ሁሉ ኮፒው ላይ ይሁን።

2. አይቢዳታ1 (ibdata1) የሚባለውን ፋይል ማንም እንዳይነካብህ። «እሱን ዲሊት አድርገው፣ ይነሳል» የሚል ቪዲዮ ሞልቷል። አዎ፣ ሊነሳ ይችላል። ቴብሎቹን (መዝገቦቹን) ግን «የሉም» ይልሃል፤ ኢኖዲቢ (InnoDB፣ ዳታውን ዲስክ ላይ የሚያስቀምጠው ክፍል) የትኛው ቴብል የቱ እንደሆነ የሚመዘግበው እዚያ ውስጥ ነዋ። እኛን ያቃጠለን ይሄ ነው። ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ አካባቢ የአንድ ጅምላ ሱቅ ሂሳብ እይዛለሁ። ኮምፒውተሩን የሰጠነው ጥገና ቤት ሳይጠይቀን አይቢዳታ1ን አጠፋው። ከዚያ «ዳታው ሞቷል፣ ከአዲስ ጀምሩ» አለን። የዱቤ መዝገባችን በሙሉ እዚያ ነበር! ለምን ብለን ስንጠይቅ «እናንተ ምን ታውቃላችሁ» ብሎ ፊቱን አዞረ። እስካሁን ሳስበው ደሜ ይፈላል።

የየቴብሉን ዳታ የያዙት አይቢዲ (.ibd) ፋይሎች ግን ቦታቸው ነበሩ። የደንበኞቹን በሄክስ ኤዲተር (የፋይልን ባይቶች እንዳሉ በሚያሳይ ቱል) ከፈትኩት። በየገጹ መጀመሪያ አካባቢ ኢንፊመም (infimum) እና ሱፕሪመም (supremum) የሚሉ ቃላት አሉ፤ እነሱን ካየህ የኢኖዲቢ መረጃ ገጽ ላይ ነህ። ከሥራቸው የደንበኞቻችን ስም፣ በእንግሊዝኛ ፊደል ስለምንመዘግብ፣ ተያይዞ ቁልጭ ብሎ ይነበባል። ብሩ በዓይን አይነበብም፤ ቁጥር የሚቀመጠው እንደ ጽሑፍ ሳይሆን በባይናሪ ኮድ ነው። ስሙን ማየቴ ግን በቃኝ፣ አልሞተም ማለት ነው!

ቀጥሎ ኢኖቼክሰም (innochecksum)፣ ፋይሉ መበላሸቱን የሚፈትሽ ቱል። ዛምፕ ውስጥ ቢን ከሚለው ፎልደር ፈልገው። ፋይሉን ገጽ በገጽ፣ ብዙ ጊዜ በ16 ኪሎባይት እየቆረጠ፣ ይፈትሻል። ጤነኛ ከሆነ ዝም ይላል፤ የተበላሸ ካገኘ የገጹን ቁጥር ይነግርሃል። የእኛ ዝም አለ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ነው። በንጹሕ ዛምፕ ላይ፣ ቨርዥኑ ያው ይሁን፣ ተመሳሳይ ቴብል ፈጥረህ ዲስካርድ ቴብልስፔስ (DISCARD TABLESPACE፣ ባዶውን አይቢዲ የሚያስወግድ ትእዛዝ) ትለዋለህ፣ የድሮውን አይቢዲ በቦታው ታስገባለህ፣ ኢምፖርት ቴብልስፔስ (IMPORT TABLESPACE፣ ያስገባኸውን የሚያስነብብ ትእዛዝ) ትለዋለህ። የኮለሞቹ ዓይነት አንድም እንዳይለይ። ዛምፕ ላይ ማይኤስኪውኤል የሚባለው በተግባር ማሪያዲቢ (MariaDB፣ ከማይኤስኪውኤል የተገነጠለ ዳታቤዝ) ስለሆነ የቴብሉ አሠራር፣ ማለትም የኮለሞቹ ስምና ዓይነት፣ ኤፍአርኤም (.frm) ፋይሉ ውስጥ አለልህ። ይህን አሠራር ከአይቢዲው ለማውጣት ለማይኤስኪውኤል 8 የሚመክሩት አይቢዲቱኤስዲአይ (ibd2sdi) የሚባል ቱል እዚህ አይሠራም፣ አትድከም። የዱቤ መዝገባችን እንዲህ ተመለሰ። በእጄ ነው የመለስኩት፣ እኮራበታለሁ።

የአንተ አይቢዳታ1 ካልጠፋ ከእኛ ትሻላለህ። መጀመሪያ ኢኖዲቢ ፎርስ ሪከቨሪን (innodb_force_recovery፣ ጉዳት ቢኖርም ሰርቨሩ እንዲነሳ የሚያስገድደውን ሴቲንግ) 1 አድርገህ አስነሳና ዳምፕ (የዳታውን የጽሑፍ ቅጂ) አውጣ። 4 እና ከዚያ በላይ ፋይሉን እስከመጨረሻው ሊያበላሽ ይችላል፤ ኮፒው ላይ ካልሆነ አትሞክረው። ኢኖቼክሰም የሚልህን እዚሁ ለጥፍ፣ አብረን እናየዋለን።