በዜና የተናደዳችሁ ዕለት

ልጆቼ፣

ጠበቃ ሆኜ ከ30 ዓመት በላይ ሠርቻለሁ። አሁን ፍርድ ቤት የምቆመው አልፎ አልፎ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ደግሞ አስተምራለሁ። ለተማሪዎቼ የምሰጠው አንድ የማይቀር የቤት ሥራ አለ። ስለ ፍትሕ መጓደል የሚያወራ አንድ ዜና ያነባሉ፤ ከዚያ የተሰማቸውን በግማሽ ገጽ ይጽፋሉ። ዜናውን አሳጥረው እንዲነግሩኝ አልፈልግም፤ እኔም አንብቤዋለሁ። የምፈልገው እነሱን ነው።

ማታ ማታ ደብተሮቹን ሳገላብጥ ብዙ ጊዜ ልቤ ይነካል። ወጣት ሰው በሌላው ሰው በደል አንጀቱ ሲያር ማየት ተስፋ ይሰጣል። ነገር ግን አብዛኛው ጽሑፍ አንድ ቦታ ላይ ይቆማል። «በጣም አዘንኩ። በጣም ተናደድኩ። መንግሥት አንድ ነገር ማድረግ አለበት።» አለቀ። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ዜና፣ ሌላ ንዴት። ዛሬ ልጽፍላችሁ የፈለግሁት ከዚያ ወዲያ ስላለው ነው።

አንዷ ተማሪዬ የቤይሩትን ዜና ይዛ መጣች። ታስታውሱት ይሆናል። በ2012 ዓ.ም. ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። የሊባኖስ ገንዘብ ወደቀ፣ ዶላር ጠፋ፣ ኮሮናም ተጨመረበት። አሠሪዎች ኢትዮጵያውያን የቤት ሠራተኞቻቸውን በመኪና እያመጡ ቆንስላችን ደጃፍ ጥለዋቸው ሄዱ። ብዙዎቹ የወራት ደሞዝ አልተከፈላቸውም። ፓስፖርታቸው በእጃቸው ያልነበረም አሉ። አስፋልት ዳር ሻንጣቸውን ተደግፈው እዚያው አደሩ።

ተማሪዬ «ፎቶውን አይቼ አለቀስኩ፤ እነዚህ ሰዎች ልብ የላቸውም» ብላ ጽፋ ነበር።

«ልብ የላቸውም» የሚለው ላይ አሰመርኩበት። ማልቀሷን ንቄ አይደለም። ነገሩ ከልብ በላይ ስለሆነ ነው። ሊባኖስ ውስጥ የቤት ሠራተኛ የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋር የታሰረ ነው። ካፋላ ይሉታል። ማዳሟን ትታ ከወጣች፣ ተደብድባም ይሁን ተርባ፣ ሕገ ወጥ ትሆናለች። እ.ኤ.አ. በ1946 የወጣው የአገሪቱ የሥራ ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 7 የቤት ሠራተኞችን ከነጭራሹ ከጥበቃው አውጥቷቸዋል። እንግዲህ ደግ አሠሪም ቢሆን የሌላ ሰው ሕይወት እጁ ላይ ተቀምጦለታል። ደግነቱ ያለቀ ቀን የሚይዘው ነገር የለም። ስለ በደል ስታነቡ «ማነው ክፉው?» ብላችሁ አታቁሙ። «ማን ፈቀደለት?» ብላችሁም ጠይቁ። የሚሻሻል ነገር የሚገኘው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው።

ከሥር ሌላ ጥያቄ ጻፍኩላት። «እናንተ ቤት ሠራተኛ አለች? የት ነው የምትተኛው?»

በሚቀጥለው ሳምንት ደብተሯን ስትሰጠኝ ቀና ብላ አላየችኝም። ግማሽ ገጽ ያልኳት ልጅ ሦስት ገጽ ሞልታለች። ሠራተኛቸው የምትተኛው ኩሽና ውስጥ ነው፣ ከጋዝ ሲሊንደሩ አጠገብ። ፍራሿ ቀን ቀን ተጠቅልሎ ከበሩ ኋላ ይቆማል። ቤት ውስጥ የምትጠራበት ስም የራሷ አይደለም። ከተማሪዬ እህት ጋር ሞክሼ ስለሆኑ እናትየዋ ሌላ ስም አውጥታላታለች። ደሞዟ «እንዳታባክነው» ተብሎ እናትየዋ ጋ ይቀመጣል። ተማሪዬና ሠራተኛዋ ቁጭ ብለው ሲያሰሉት የ14 ወር ሆኖ ተገኘ። የማታ ትምህርት ተመዝግባ ነበር። እንግዳ በመጣ ቁጥር ስትቀር ስትቀር አቋረጠች። በሦስተኛው ገጽ ግርጌ፣ «እናቴ ግን ክፉ ሰው አይደለችም» ይላል።

እውነቷን ነው። አይደለችም።

የእኛን ሕግ ደግሞ እዩት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይለፍ ይላል። የሳምንት እረፍት ይሰጣል፣ የዓመት ፈቃድ ይሰጣል። ሰው ቤት ለግል አገልግሎት የተቀጠረችውን ግን አይመለከታትም። ለእሷ የተረፋት የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። አንቀጽ 2601 አብሮት የሚኖረውን ሠራተኛ መኝታ፣ ምግብ፣ የሥራና የእረፍት ጊዜ በተመለከተ አሠሪው ጤናውንና ክብሩን ለመጠበቅ ተገቢውን ሁሉ እንዲያደርግ ያዛል። መልካም ቃል ነው። ስንት ሰዓት እንደሆነ ግን አይናገርም። ቤይሩትና አዲስ አበባ በዚህ ይመሳሰላሉ። ሁለቱም ቦታ የሥራ ሕጉ ኩሽናው በር ላይ ሲደርስ ይቆማል።

ይህን ለዓመታት እያወቅሁ ኖሬያለሁ። ቀን ለፋብሪካ ሠራተኞች የትርፍ ሰዓት ክፍያ ስከራከር እውላለሁ። ማታ 3 ሰዓት ቤት ስገባ ራት የምታሞቅልኝ ልጅ ከንጋቱ 11 ሰዓት ጀምሮ ቆማ የዋለች ናት። «እንደ ልጃችን ናት» እንል ነበር። ልጆቻችን ግን በዚያ ሰዓት ተኝተዋል። 6 ዓመት አብራን ኖረች። አንድ ቀን ሳህኑን ስታነሳ፣ «ጋሼ፣ አረብ አገር ልሄድ ነው» አለችኝ። ለምን አልኳት። «እዚያ ቢያንስ ደሞዙ ይሻላል» አለች። ያ «ቢያንስ» የሚለው ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። የት እንደደረሰች አላውቅም። የቤይሩቱ ፎቶ ሲወጣ ፊቶቹን አንድ በአንድ ያየሁት እሷን ፍለጋ ነው።

ስለ ቤይሩት ዝም በሉ ማለቴ ግን አይደለም። «የራሳችን ጓዳ እንዲህ ሆኖ የሰውን ምን አገባን» የሚል ክርክር በዳዩን እንጂ ተበዳዩን አይጠቅምም። ተናገሩ፣ ጻፉ፣ ጩኹ። ስትጮሁ ግን የተበደለችውን ሰው አትርሷት። በ2004 ዓ.ም. አንዲት እህታችን እዚያው ቤይሩት፣ ቆንስላችን ፊት ለፊት፣ እየተጎተተች በግድ መኪና ውስጥ ስትከተት የሚያሳይ ቪዲዮ በቴሌቪዥን ተላለፈ። ብዙ ቀን ሳይቆይ ሕይወቷ አለፈ። የሁለት ልጆች እናት ነበረች። ዛሬም ቪዲዮውን የሚለጥፍ አለ። ሼር ከማድረጋችሁ በፊት እነዚያ ልጆች አድገው ስልክ ይዘው ሊሆን እንደሚችል አስቡ።

ስታነቡ ደግሞ የምታለቅሰዋን ብቻ አትፈልጉ። ቤይሩት ውስጥ ኢትዮጵያውያን የቤት ሠራተኞች እ.ኤ.አ. በ2017 ያቋቋሙት «እኛ ለእኛ በስደት» የሚባል ማኅበር አለ። በዚያ በቀውጢ ጊዜ ምግብ ያዳረሱት፣ የቤት ኪራይ የከፈሉት፣ አገሯ መግባት ለፈለገች ቲኬት ለማግኘት የተሯሯጡት እነሱ ናቸው። እነዚህን ሴቶች አንብባችሁ የምትጽፉት ግማሽ ገጽ፣ ፎቶ አይታችሁ አልቅሳችሁ ከምትጽፉት በጣም ይለያል። ሞክሩት።

ተማሪዬ ከሁለት ሳምንት በኋላ ከክፍል ስወጣ ጠበቀችኝ። «ምን ላድርግ?» አለችኝ። እናቷን እንድትከስ አልነገርኳትም። ቁጭ ብለን አንድ ገጽ ውል አረቀቅን። ደሞዝ በየወሩ ልጅቷ በስሟ በምትከፍተው የባንክ ሒሳብ ይገባል። የተጠራቀመው የ14 ወር በ3 ጊዜ ይከፈላል። እሁድ እረፍት ነው። የማታ ትምህርቷ ሰዓት በእንግዳ አይነካም። ትንሿ ዕቃ ቤት ተጸድታ መኝታዋ ትሆናለች። የመጨረሻው ነጥብ የተማሪዬ ሐሳብ ነው። ሠራተኛዋ በወላጆቿ በወጣላት ስም ትጠራለች። በ30 ዓመት ሥራዬ እንዲህ ያለ አንቀጽ ውል ላይ ጽፌ አላውቅም ነበር።

እናትየዋ እስካሁን አልፈረመችም። ወረቀቱን አንብባ ቡፌው መሳቢያ ውስጥ አስቀምጣዋለች። ባለፈው እሁድ ግን ልጅቷ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሄዳ፣ ከአገሯ ልጆች ጋር ውላ የገባችው አመሻሽ ላይ ነው። የእለቱን ምሳ ዕቃ ያጠበችው ተማሪዬ ናት።