ጠጠሩን ሳትለኩ ጠረጴዛ አትሥሩ

የስትራቴጂ ጨዋታ ካርታና ጠረጴዛ በእጃችሁ ልትሠሩ ለተነሳችሁ ልጆች፣

ብዙዎቻችሁ ሥራውን የምትጀምሩት ከእንጨቱ ነው። ስልክ ላይ ያያችሁት፣ ዙሪያው በወፍራም ጣውላ የተከፈፈ፣ መሐሉ ጎድጎድ ያለ ጠረጴዛ ልባችሁን ይወስደዋል፤ ወዲያው መርካቶ ወርዳችሁ ኤምዲኤፍ (ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ የተሠራ ጣውላ) ትገዛላችሁ። ካርታውን በኋላ እናስብበታለን ትላላችሁ። ካርታው ታትሞ ሲመጣ ግን ከጎድጓዳው በ2 ሳንቲም ይበልጣል፤ ወይም ልክክ ብሎ ይገባና ለካርድና ለዳይስ የሚሆን አንዲት ጣት ቦታ አይተርፍም። ምክሬ ከዚህ ተቃራኒ ነው፤ መጀመሪያ ጠጠሩን ለኩ። ጠጠሩ የሄክሱን ስፋት፣ ሄክሱ የካርታውን፣ ካርታው የጠረጴዛውን ይወስናል። ጠጠር ስል ጦርን ወክሎ ካርታው ላይ የሚንቀሳቀሰውን ቁራጭ፣ ሄክስ ስል ደግሞ ካርታው የሚከፋፈልበትን ባለ ስድስት ጎን ክፍል ማለቴ ነው።

ከጠረጴዛው ይልቅ ካርታው እንደሚበልጥ ታሪክም ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1812 ባሮን ፎን ራይስቪትስ የተባለ ፕሩሲያዊ ለንጉሥ ፍሪድሪሽ ቪልሄልም 3ኛ ያቀረበው የጦርነት ጨዋታ ባለ መሳቢያ ትልቅ ጠረጴዛ ነበር፤ ተራራና ወንዙ እየተነሳ በሚገጣጠም ንጣፍ ተሠርቶለታል። የሚያምር ዕቃ ነበር፤ ግን የቤተ መንግሥት ዕቃ ሆኖ ቀረ። መኮንን የነበረው ልጁ በ1824 ጨዋታውን መጠነ ልኬቱ 1፡8,000 በሆነ የወረቀት ካርታ ላይ አወረደው። በፕሩሲያ ጦር ውስጥ የተሰራጨው ይኼኛው ነው።

ወደ ጠጠሩ ልመለስ። የተለመዱት የካርቶን ጠጠሮች ሁለት ዓይነት ናቸው፤ ጎናቸው 12.7 ሚሊ ሜትር የሆነ (ግማሽ ኢንች) እና 16 ሚሊ የሆነ። ጠጠር በጨዋታ መሐል ይዞራል፣ ይንጋደዳል። ስለዚህ የሚለካው ጎኑ ሳይሆን ከማዕዘን ማዕዘን ያለው ሰያፉ ነው። የትንሹ ሰያፍ 18 ሚሊ፣ የትልቁ 22.6 ሚሊ ይሆናል። ሄክሱ ከአንዱ ጎን እስከ ትይዩው ጎን ሲለካ ከዚህ ማነስ የለበትም። ለትንሹ 19፣ ለትልቁ 25 ሚሊ ብትይዙ ጠጠሩ እንዴትም ቢዞር መስመር አይነካም። ከዚህ ካጠበባችሁት በጨዋታው መሐል "ይሄ ጦር የት ነው ያለው?" የሚል ክርክር ይነሳል፤ ጥፋቱ የተጫዋቾቹ አይደለም። ለሙከራ ቆርኪ የምትጠቀሙ ከሆነ፣ አንድ ቆርኪ ወደ 3 ሳንቲም ስለሚጠጋ ሄክሱን 4 ሳንቲም አድርጉት። ካርታው የአልጋ ልብስ ያህላል፤ ቢሆንም ከቆርኪ የረከሰ ጠጠር የለም።

አሁን ሒሳቡ። የሄክሱን ስፋት ለ1.732 ስታካፍሉ የአንዱን ጎን ርዝመት ታገኛላችሁ። ስፋቱ 25 ሚሊ ከሆነ ጎኑ 14.4፣ ከማዕዘን ማዕዘን ደግሞ 28.9 ሚሊ ነው። ሁሉም የሚረሳው ሌላ ቁጥር አለ። ሄክሶቹ ከላይ ወደ ታች በዓምድ ሲደረደሩ፣ በአንዱ ዓምድና በቀጣዩ መካከል ያለው ርቀት 25 ሚሊ አይደለም፤ 21.65 ነው። የአንዱ ዓምድ ሹል ማዕዘን በጎረቤቱ ሁለት ሄክሶች መካከል ስለሚገባ ዓምዶቹ ይጠጋጋሉ።

ይህ ምን እንደሚያበላሽ በዓድዋ ካርታ ላይ እንየው። ከምሥራቅ ምዕራብ 16 ኪሎ ሜትር፣ ከሰሜን ደቡብ 12 ኪሎ ሜትር መሬት መረጣችሁ እንበል፤ አንዱ ሄክስ 500 ሜትር ይሁን። ብዙ ሰው 16ን ለግማሽ ኪሎ ሜትር አካፍሎ "32 ዓምድ" ይላል። ነገር ግን እያንዳንዱ ዓምድ የሚሸፍነው 433 ሜትር ብቻ ስለሆነ 32 ዓምድ 13.9 ኪሎ ሜትር ነው። ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ መሬት የት ገባ? ወይ ካርታው ጫፍ ላይ ተቆርጧል፣ ወይ ኮምፒውተሩ መረቡን ወደ ጎን ለጥጦ ሄክሶቹን አጣሟቸዋል። ትክክለኛው 37 ዓምድ በ24 ረድፍ ነው። በ25 ሚሊ ሄክስ ሲሠራ 80.8 በ61.3 ሳንቲም ይወጣል፤ ጎረቤት ዓምዶች በግማሽ ሄክስ ከፍና ዝቅ ማለታቸውን ጨምሮ ማለት ነው።

ቁጥሩን ከወረቀቱ ጋር አስተያዩ። ኤ1 ወረቀት 84.1 በ59.4 ሳንቲም ነው። ርዝመቱ ይበቃል፣ ወርዱ ግን በ2 ሳንቲም ያንሳል። አንድ ረድፍ ብትቀንሱ 58.8 ይሆንና ለጥቂት ይገባል፤ ኅዳግ ግን አይኖረውም። እኔ ብጠየቅ 91 ሳንቲም ጥቅል በሚወስድ ፕሎተር (ትልልቅ ወረቀት በሚያትም ማሽን) ሙሉውን አሳትሙ እላለሁ። ይህን ሁሉ ገና ምንም ሳትከፍሉ፣ በእርሳስ መወሰን ይቻላል።

ለመነሻ የሚሆን ካርታ አገራችን ውስጥ አለ። የቀድሞው ካርታ ሥራ ኤጀንሲ ሥራውን ዛሬ የያዘው የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ነው፤ የ1፡50,000 ቅጠሎቹ በየ20 ሜትር ከፍታ መስመር አላቸው። 500 ሜትር በ25 ሚሊ ማለት 1፡20,000 ስለሆነ ቅጠሉ 2.5 ጊዜ መጉላት ይኖርበታል። ስካን አድርጋችሁ በቀጥታ አታጉሉት፤ ቀጭኑ መስመርም 2.5 ጊዜ ይወፍራል፣ ጽሑፉም ይደበዝዛል። ከሥሩ አስቀምጣችሁ በላዩ አዲስ ሣሉ። በኮምፒውተር ለሚሠራ፣ ኪውጂአይኤስ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ኤስአርቲኤም ከተባለው፣ ከጠፈር ከተለካው የ30 ሜትር የከፍታ መረጃ ላይ ራሱ መስመሩን ያወጣል። መረቡንና ጽሑፉን ደግሞ ኢንክስኬፕ በተባለው የሥዕል ፕሮግራም ላይ ጨምሩበት፤ እሱም ነፃ ነው።

የ20 ሜትሩን መስመር ሁሉ ካርታው ላይ ካስቀራችሁ ግን ተራራማው ክፍል ጥቁር ይሆናል። በየ100 ሜትር ያዙና ከፍታውን በሦስት ወይም በአራት ቀለም ክፈሉት። የጨዋታ ካርታ የሚመዘነው ዳኝነቱን በማቅለሉ ነው። አንድ ሄክስ አንድ መሬት ብቻ ይሁን፤ ከግማሽ በላይ ገደል ከሆነ ገደል ነው፣ ጥጉ ላይ ያለችው ሜዳ ትቅር። ወንዝን በሄክሱ ሆድ አታሳልፉ። ጦሩ ከወንዙ ወዲህ ነው ወይስ ወዲያ የሚለው ጥያቄ መልስ አይኖረውም። በሄክሶቹ ጠርዝ እያጠማዘዛችሁ ውሰዱት፤ ያኔ መሻገር ማለት ያንን ጠርዝ ማለፍ ይሆናል። መንገድ ግን በተቃራኒው ነው፤ ከመሐል ወደ መሐል ይሄዳል።

በስም ላይ ጥንቃቄ አድርጉ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ለተደረገው የዓድዋ ጦርነት የጣሊያን ጦር አዛዥ ባራቲየሪ ለጄኔራሎቹ ያደለው ንድፍ ካርታ ኪዳነ ምሕረት የሚለውን ስም የጻፈው በሌላ ኮረብታ ላይ ነበር። ከጄኔራሎቹ አንዱ አልበርቶኔ ከመንገድ መሪዎቹ ጋር የአገሬው ሰው በዚያ ስም ወደሚጠራው ቦታ ገሰገሰና ከአሪሞንዲና ከዳቦርሚዳ ብርጌዶች ኪሎ ሜትሮች ርቆ ብቻውን ተገኘ። የዓድዋን ጨዋታ የምትነድፉ ከሆነ ይህን አትለፉት። ለጣሊያን ወገን ተጫዋች የተሳሳተውን ንድፍ፣ ለኢትዮጵያ ወገን ትክክለኛውን መስጠት በአሥር ገጽ ደንብ የማይገኝ ነገር ይሰጣችኋል።

ከማሳተማችሁ በፊት ካርታውን በኤ4 ወረቀቶች በጥቁርና ነጭ አትማችሁ፣ በፕላስተር አያይዛችሁ ተጫወቱበት። የመንገድ መዝጊያ፣ የተረሳ ድልድይ፣ የተደገመ ቁጥር የሚገኘው እዚህ ላይ ነው። ኤ4 ስታትሙ "ከወረቀቱ ጋር አመጣጥን" የሚለውን ምርጫ አጥፉ፤ ካልጠፋ ካርታው ሳታውቁት በጥቂት መቶኛ ያንሳል። ለዚህም ፋይሉ ጥግ ላይ ልክ 100 ሚሊ የሆነች መስመር አኑሩ። ታትሞ ሲወጣ መጀመሪያ በማስመሪያ የምትለኩት እሷን ነው፤ 97 ካለች አትቀበሉ።

ማተሚያ ቤቶቹን በተመለከተ፣ ፒያሳ በከፊል ከፈረሰ ወዲህ ብዙ ሱቅ ቦታ ቀይሯልና ከመሄዳችሁ በፊት ደውሉ። ፋይሉን ከማስረከባችሁ በፊት የአማርኛ ጽሑፉን ሁሉ ወደ ቅርጽ ለውጡት። የማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ፊደሉ ከሌለው በየተራራው ስም ፋንታ ባዶ ሳጥን ያትምላችኋል። የእኛ ፊደል እግሩና ቀለበቱ ብዙ ስለሆነ መጠኑን ከ8 ነጥብ (ፖይንት) በታች አታውርዱ፤ የሄክስ ቁጥሮች ግን 5 ወይም 6 ቢሆኑ ይነበባሉ። ቀለሙን አሳሱት። ስክሪን ላይ ለምለም የሚመስለው አረንጓዴ ወረቀት ላይ ይጠቁርና ጠጠሩን ይውጠዋል። ባነር ርካሽ ነው፤ ግን ይለጠጣል፣ ያብረቀርቃል፣ ጠርዙም ይጠቀለላል። ለሙከራ እሺ፣ ለመጨረሻው ግን ወፍራም ወረቀት በማት (በማያብረቀርቅ) ላሚኔሽን ይሻላል።

ካርታውን 2 ሚሊ ካርቶን ላይ የምትለጥፉ ከሆነ ፊቱን ብቻ ለጥፋችሁ አትተዉት። ወረቀት በኮላ ሲርስ ይሰፋል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ሲሰበሰብ ካርቶኑን ጎትቶ ያጎብጠዋል። ጀርባውንም በተመሳሳይ ወረቀት፣ በዚያው ቀን ለጥፉት፤ ሁለቱ ጉተታዎች ይጣጣላሉ። ከዚያ በጠፍጣፋ ጣውላ ተጭኖ አንድ ሙሉ ቀን ይደር፤ በክረምት ሁለት ቀን። ጠጠሮቹን ስትቆርጡ ካተሩን አንድ ጊዜ አትጫኑ፤ በብረት ማስመሪያ ሦስት ጊዜ ቀለል አድርጋችሁ አመላልሱት። የጠጠሩ ጠርዝ ላይ የክፈፍ መስመር አትሥሩ፤ የፊቱና የጀርባው ሕትመት በ1 ሚሊ ቢዛነፍ መስመሩ ያጋልጠዋል።

አሁን ካርታው 81 በ61 መሆኑ ታውቋል። በአራቱም ጎን 15.5 ሳንቲም ለካርድና ለተማረከ ጠጠር ጨምሩ፤ ጎድጓዳው 112 በ92 ይሆናል። 10 ሳንቲም የክንድ ማሳረፊያ በዙሪያው ሲጨመር ውጫዊው መጠን 132 በ112 ነው። ተቀምጦ ያለ ሰው ሳይነሳ በምቾት የሚደርሰው 60 ሳንቲም ገደማ ነው። የዚህ ጠረጴዛ ወርድ እኩሌታ 56 ስለሆነ መሐሉ ይደረሳል። 150 ሳንቲም ወርድ ያለው ጠረጴዛ ፎቶ ላይ ያምራል፤ ሲጫወቱበት ግን ሰው በሆዱ ጠጠር ያፈርሳል።

ለአዲስ አበባ ቤት እግር ያለው ጠረጴዛ አልመክርም። በኮንዶሚኒየም ደረጃ አራተኛ ፎቅ የሚወጣ ነገር ለሁለት የሚከፈል፣ በምግብ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ገበታ ቢሆን ይሻላል። 18 ሚሊ ኤምዲኤፍ ሙሉ ቅጠሉ፣ 122 በ244፣ 40 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ከጊዜ ብዛትም ይረግባል። ወለሉን 12 ሚሊ ኮምፔንሳቶ አድርጉትና ከሥሩ በየ40 ሳንቲም 2 ሳንቲም ውፍረት ያለው አግዳሚ ስጡት። ወለሉ በየጎኑ 2 ሳንቲም ከክንድ ማሳረፊያው ሥር እንዲገባ 116 በ96 ይቆረጥ፤ 8 ኪሎ ያህል ነው፣ ከአንድ ቅጠልም በቂ ትርፍ ይቀራል። ቆራጩን "ለሁለት ክፈለው" ብቻ አትበሉት፤ የመጋዙ ምላጭ ራሱ 3 ሚሊ ገደማ ይበላል። የእያንዳንዱን ቁራጭ መጠን በሚሊ ጽፋችሁ ስጡት። ስትገጥሙት የወለሉን ሁለት ሰያፎች ለኩ፤ ሁለቱም 150.6 ሳንቲም መሆን አለባቸው፣ ከ2 ሚሊ በላይ ከተለያዩ ኮላው ሳይደርቅ ግፉት። አግዳሚውን ከ2 ሳንቲም በላይ አታወፍሩ። የምግብ ጠረጴዛው 75 ከሆነ መጫወቻው 78 ላይ ይደርሳል፤ ከዚያ ካለፈ 45 ሳንቲም ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ትከሻውን ያመዋል።

ለክንድ ማሳረፊያው እርጥብ ባሕር ዛፍ አትግዙ፤ ሲደርቅ ይጠማዘዛል። የደረቀ ዋንዛ ወይም ግራቪላ ይሻላል። ማዕዘኑን በ45 ዲግሪ ከገጠማችሁት ደግሞ እንጨቱ በበጋ ወርዱ ሲቀንስ መገጣጠሚያው ከውስጥ በኩል ይከፈታል፤ ክረምት ሲያብጥ በውጭ በኩል። ግማሽ በግማሽ ተቆርጦ የሚደራረብ መገጣጠሚያ አያምርም ይሆናል፤ አይከፈትም ግን። የኤምዲኤፍ ቁራጭ የትም ከተጠቀማችሁ ጠርዙን በቀጠነ ኮላ ቀቡት፤ ውኃ የሚጠጣው በጠርዙ ነው።

ወለሉን ለማልበስ ከፋይ ያምራል፤ የከረንቦላ ጨርቅ ግን ይበልጣል፣ ጠጠር አይዝበትም። ኮላውን በጠርዙ ብቻ ቀቡ፤ መሐሉን ከቀባችሁት በጨርቁ ያልፍና ይደርቅበታል። ከሥሩ ወፍራም ስፖንጅ አታንጥፉ፤ የተደራረበ ጠጠር ይወድቃል፤ 2 ሚሊ ይበቃል። ማኪያቶና ውኃ ከመጫወቻው ዝቅ ብሎ በጎን በሚንጠለጠል መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ። በክንድ ማሳረፊያው ላይ የሚበሳው የብርጭቆ ቀዳዳ እንዴት ተወዳጅ እንደሆነ አይገባኝም፤ ሲደፋ ቀጥታ ወደ ካርታው ነው።

ካርታውን ለመሸፈን ላዩ ላይ የሚጋደመው 3 ሚሊ አክሪሊክ (መስታወት መሰል ፕላስቲክ) 2 ኪሎ አይሞላም፤ 5 ሚሊ መስታወት ከ6 ኪሎ ያልፋል፣ ቢወድቅም ጉዳት አለው። የአክሪሊኩን መከላከያ ላስቲክ የመጨረሻው ቀን ላይ ላጡት፤ በአልኮልና በቤንዚን አትወልውሉት፣ ይሰነጣጥቃል። አንድ አምፖል ከላይ ካበራችሁበት ነጸብራቁ ግማሹን ካርታ ይሸፍናል፤ ከሁለት ጎን የሚመጡ ሁለት መብራቶች ይሁኑ፣ ቢያንስ አንዱ ቻርጅ የሚደረግ። ያልተለጠፈውን ካርታ የታተመው ፊት ወደ ውጭ ሆኖ ከ7 ሳንቲም በማይጠብ ቱቦ ላይ ጠቅልሉት። በክረምት ደግሞ በውጭ ግድግዳ ላይ አታስደግፉት።