ሕጉ አለ፣ ሱቁ ጋ ግን ማን ይቁም? የአንባቢ ጥያቄዎችና መልሶች

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ የልጆች ጉዳይ ናቸው። ሱስ፣ ጭንቀት፣ ዱላ። ሁሉም ዞረው ዞረው "መንግሥት ምን እየሠራ ነው?" ይላሉ። የተመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ የቻልኩትን መልሻለሁ።

ባለቤቴ የ9 ዓመት ልጃችንን ሲጋራ ግዛ ብሎ ይልከዋል። ባለሱቁም አንድ ፍሬ አውጥቶ ይሰጠዋል። በሕግ አያስጠይቅም? (እናት፣ ከአዲስ አበባ)

ባለሱቁን ያስጠይቀዋል፣ ያውም በሁለት በኩል። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው ሲጋራም አልኮልም መሸጥ ይከለክላል። ሲጋራ በፍሬ መሸጥም ክልክል ነው። ሺሻና ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ደግሞ ጭራሽ አይሸጡም። የቢራ ማስታወቂያ ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ የወጣውም በዚሁ አዋጅ ነው። ከዚያ በፊት እኮ ልጆቻችን ሀ ሁ ሳይቆጥሩ የቢራ ዘፈን በቃላቸው ይዘው ነበር።

የማስታወቂያው ክልከላ የሠራው ጣቢያዎቹ ጥቂት ስለሆኑና ተቆጣጣሪው አንድ በአንድ ስለሚያውቃቸው ነው። ሱቅ ግን በየቅያሱ አለ፣ ባለሱቁ ልጁን በስሙ ያውቀዋል፣ አባትየው እንደላከውም ያውቃል፣ እና "ለሕፃን አልሸጥም" ብሎ ደንበኛ ማስቀየም አይፈልግም። እስካሁን በዚህ የተቀጣ ባለሱቅ በሰፈሬ አላየሁም። እኅቴ፣ ከመክሰስሽ በፊት ራስሽ ሄደሽ "ለልጄ እንዳትሰጠው" በይው፣ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ባለቤትሽም እግር አለው፣ ራሱ ይሂድ። ልጁ እኮ ዋጋውን፣ ዓይነቱን፣ አጠያየቁን ሁሉ ገና በ9 ዓመቱ ለምዶታል።

ጫትስ?

ጫት ሕጋዊ ነው። ግብር ይከፈልበታል፣ ወደ ውጭ ተልኮ ዶላር ያመጣል። ስለዚህ ስለ ጫት ከመንግሥት ቁርጥ ያለ ነገር ባትጠብቁ ይሻላል። ቤት ውስጥ ግን ውሳኔው የናንተ ነው፤ ልጅ ባለበት አይቃም፣ ልጅም ለጫት አይላክ። ጠላውንም እንደዚሁ፣ በዓል ነው ተብሎ "ትንሽ ቅመሽ" አይባልም።

የአንደኛ ደረጃ መምህር ነኝ። ክበባችን ፖሊስ እየጋበዘ፣ አንዳንዴም ከሱስ የወጣ ወጣት አምጥቶ 3ኛ ክፍል ተማሪዎችን ያስመክራል። ይጠቅማል? (ከሐዋሳ)

የሚያስከፋህ መልስ ነው ያለኝ። የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅ ጽሕፈት ቤትና የዓለም ጤና ድርጅት በጋራ ያወጡት የመከላከል መመሪያ አለ፤ በ2018 እ.ኤ.አ. ታድሷል። በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶችን አይቶ፣ በራሪ ወረቀት ማደል፣ በፖሊስ ማስተማርና የቀድሞ ሱሰኛ ምስክርነት ለውጥ እንደማያመጡ፣ አንዳንዴም እንደሚጎዱ ይናገራል። የ3ኛ ክፍል ልጅ ስለ ሐሺሽ ሰምቶ የማያውቀውን ሁሉ ሰምቶ ይወጣል። እናቶቻቸውን ጠይቃቸው፣ ልጆቹ ማታ ቤት ሲመለሱ የሚያወሩት ስለ ምክሩ ሳይሆን ስለ ዕፁ ነው።

በዚያው መመሪያ ውስጥ ሠራ የተባለው ነገር ብዙም አይን አይስብም። ነፍሰ ጡርና አራስ እናትን ቤቷ ድረስ ሄዶ ማገዝ። ጥሩ አጸደ ሕፃናት። ወላጅን ማሠልጠን። ትንንሽ ልጆችን ንዴት ሲመጣ ምን እንደሚደረግ፣ ጓደኛን እንዴት እንቢ እንደሚሉ በጨዋታ ማለማመድ። አይስላንድን ውሰድ። በ1998 እ.ኤ.አ. ከ15 እና 16 ዓመት ልጆቿ 42 በመቶው ባለፈው አንድ ወር ውስጥ ሰክረናል ይሉ ነበር፤ በ2016 እ.ኤ.አ. 5 በመቶ ደረሰ። የተደረገው ለስፖርትና ለሙዚቃ ገንዘብ መመደብ፣ ልጆች ማታ ውጭ የሚቆዩበትን ሰዓት መገደብና ወላጆች ከልጆቻቸው ጋር ብዙ ጊዜ እንዲያሳልፉ መገፋፋት ነበር። የኛ አገር ሌላ ነው ትል ይሆናል፤ ነው። ግን ኳስና ሜዳ ከፖሊስ ንግግር የበለጠ ውድ አይደለም።

አያቷ ከሞቱ ወዲህ የ5 ዓመት ልጄ ዝም ብላለች፣ ትታው የነበረውን አልጋ ላይ መሽናትም ጀምራለች። አማኑኤል ልወስዳት ፈራሁ። (አባት፣ ከደብረ ብርሃን)

ፍርሃትህ ይገባኛል፤ "አማኑኤል ሄደ" የሚባለው እንደ ስድብ ስለሆነ ነው። ግን መጀመሪያ እዚያ መሄድ የለብህም። ጤና ጣቢያ ውሰዳት። የጤና ሚኒስቴር ከዓለም ጤና ድርጅት ጋር ሆኖ ልዩ ሐኪም ላልሆኑ የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች የአእምሮ ሕክምና ማሠልጠን ከጀመረ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። የሠለጠነው ሰው ተዛውሮ ሊሆን ይችላል፣ እሱ የታወቀ ችግር ነው፤ ቢሆንም ጠይቅ፣ ሪፈር አጽፍ። አዲስ አበባ ከመጣህ የካቲት 12 ሆስፒታል የሕፃናትና የታዳጊዎች የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። ጠበል ከፈለጋችሁም አብራችሁ አስኬዱት፣ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። እስከዚያው ስለ አያቷ አውሯት፣ ስማቸውን አትደብቁባት። አልጋ ስላረጠበችም አትቆጧት።

መምህሩ ልጄን ይገርፈዋል።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ ናቸው ይላል። አንቀጹን ይዘሽ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ግቢ። አለቀ።

ልጄ ሁለት ዓመት ተኩል ሆኖታል፣ አይናገርም፣ ሰው ዓይን ውስጥ አያይም። መንግሥት ጋ ብሄድ ይቀሙኛል ይሉኛል። (እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ አሜሪካ)

አይቀሙሽም። ሜሪላንድ ውስጥ ከሦስት ዓመት በታች ላሉ ልጆች የሚሠራ የጨቅላዎችና የታዳጊ ሕፃናት ፕሮግራም አለ፤ ምርመራው ነፃ ነው፣ የሐኪም ወረቀት ሳትይዢ ራስሽ ደውለሽ ማስመዝገብ ትችያለሽ። ከተመዘገበ በ45 ቀን ውስጥ መርምረው ከአንቺ ጋር ዕቅድ ለማውጣት መቀመጥ አለባቸው። አማርኛ አስተርጓሚ ጠይቂ። ሦስት ዓመት ሊሞላው ስለሆነ ግን ዛሬ ደውይ፣ ነገ አትበይ።

አዲስ አበባ የምትመካበት የቀዳማይ ልጅነት ፕሮግራም እውነት ነው ወሬ? ሚስቴ በቅርቡ ትወልዳለች።

እውነት ነው። ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ወላጆች ቤት ለቤት የሚሄዱ አማካሪዎች አሉ፣ የሕፃናት ማቆያዎች ተከፍተዋል፣ መንገድ ተዘግቶ ልጆች የሚጫወቱበት እሁድም አለ። በግሌ ከሕንፃውና ከቀለሙ ይልቅ ቤት ለቤቱን እወደዋለሁ። ወረዳችሁ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ አማካሪ ይደርሳችሁ እንደሆነ ጠይቁ። አንተ ራስህ ግን የት ነው የምትሠራው? የፌዴራል መንግሥት ሠራተኛ ከሆንክ፣ በቀድሞው አዋጅ 1064/2010 የ10 የሥራ ቀን የአባትነት ፈቃድ ነበር፤ አሁን የሚሠራበትን ከመሥሪያ ቤትህ ጠይቅ። የግል ድርጅት ከሆነ በአዋጅ 1156/2011 ሦስት ቀን ብቻ ነው፣ እኔ ሁሌም የሚያናድደኝ አንቀጽ። የዓመት ፈቃድህን ካሁኑ አትጨርሰው።