ጥይቴን የሚቀበል የተኩስ ሜዳ እንዴት ላግኝ? ጥያቄና መልስ

መልስ ሰጪ፦ ዛሬ ስለ ተኩስ ሜዳና ስለ ጠመንጃ ካሊበር (የጥይት መጠን) የምታነሱትን እመልሳለሁ። ስትጠይቁ ሦስት ነገር አብራችሁ ጻፉ፦ የጥይቱን ሙሉ ስም ከነቀለሁ ርዝመት (ከ× በኋላ ያለው ቁጥር ነው)፣ የአረሩን ማለትም ከአፈሙዝ ወጥቶ የሚሄደውን ክፍል ዓይነት፣ የምትተኩሱበትን ርቀት። የፈቃድና የማጓጓዝ ሕግ ከአገር አገር ስለሚለያይ እሱን ፈቃድ የሰጣችሁን ክፍል ጠይቁ።

ጀማሪው፦ ጋሼ፣ 7.62 የሚያስተኩስ ቅርብ ሜዳ እንዴት ነው የሚገኘው?

መልስ፦ የትኛው 7.62? የክላሹ 7.62×39 አለ፣ የኔቶው 7.62×51 አለ፣ ቀለሁ ከንፈር ያለው የሩሲያው 7.62×54 አለ። የመጀመሪያው ከአፈሙዝ ሲወጣ 2,000 ጁል (የጉልበት መለኪያ ነው) ገደማ ጉልበት አለው፤ ሁለቱ ከ3,300 ጁል በላይ ናቸው። ለአንዱ የተሠራ ሜዳ ሌላውን ላይችል ይችላል። ስሙን ከበርሜሉ ላይ አንብበህ ተመለስ። የወታደር ቀለህ ቂጥ ላይ ብዙ ጊዜ የፋብሪካ ምልክትና ዓመት ብቻ ስለሚታተም በእሱ አትተማመን።

ባለ 308፦ የሜዳው ዝርዝር ላይ .308 ዊንቸስተር ተጽፏል። እኔ ያለኝ 7.62×51 ጥይት ነው። ይገባል?

መልስ፦ ጉልበታቸው ተቀራራቢ ስለሆነ ሜዳው በዚያ አይመልስህም። የሚመልስህ አረሩ ብረት ካለበት ነው። ጠይቅ፣ መልሱን በጽሑፍ ተቀበል።

ዒላማ ወዳዷ፦ ቤት ውስጥ ያለ ሜዳ 7.62×39 ፈቅዶ 5.56×45 ከለከለኝ። 5.56 በጉልበት ያንሳል አይደል? ነገሩ አልገባኝም።

መልስ፦ እህቴ፣ ሁሉም ሰው መጠየቅ የነበረበት ይህን ነው። ሜዳ ካሊበር የሚከለክል ይምሰል እንጂ የሚጨነቀው ከዒላማው ጀርባ ላለው የጥይት መቀበያ ነው። ጉልበት ማለት የአረሩ ክብደት በኪሎ ግራም፣ በፍጥነቱ ካሬ ተባዝቶ ለሁለት ሲካፈል ነው። 8 ግራም አረር በሰከንድ 715 ሜትር ሲሄድ 2,045 ጁል ይሆናል፤ 4 ግራም አረር በሰከንድ 940 ሜትር ሲሄድ 1,767 ጁል። በዚህ ብቻ ካየሽው 5.56 ይቀላል። ከብረት ሳህን የተሠራ መቀበያን በይበልጥ የሚጎዳው ግን ፍጥነት ነው። ኤአር500 የሚባለው ጠንካራ ብረት እንኳ በሰከንድ 900 ሜትር ገደማና ከዚያ በላይ የሚሄድ አረር በቅርብ ሲመታው ይሰረጎዳል። ፊቱ ያልተሰረጎደ ሳህን አረሩን ፈጭቶ ወደ ጎን ይበትነዋል፤ የተሰረጎደ ሳህን ግን ፍንጣሪውን ወደ ተኳሹ ይመልሰዋል። በ25 ሜትር አረሩ ፍጥነቱን ገና አልጣለም። ብዙ የውጭ ሜዳዎች ጠመንጃን በብረት ዒላማ ላይ ከ100 ሜትር ወዲህ የማያስተኩሱትም ለዚህ ነው። ያዘነበለ ሳህን አረሩን አንሸራቶ ወደ ማጠራቀሚያው ስለሚወስደው ቀጥ ብሎ ከቆመው የተሻለ ይችላል።

የጎማ ፍርፋሪ መቀበያ ፍንጣሪ አይመልስም፣ ግን ትሬሰር የሚባለው እየነደደ የሚሄድ ጥይት ያቃጥለዋል። ለከባድ ካሊበር የአፈር ቁልል ይሻላል፤ ያውም ፊቱ ከድንጋይ የተነፋ ከሆነ ነው። ሁሉም ተኳሽ አንድ ቦታ ሲመታ እርሳሱ እዚያው ይጠራቀምና አዲሱ አረር የድሮውን መትቶ ይነጥራል። ስለዚህ ቁልሉ በየጊዜው እየተቆፈረ መጣራት አለበት። ሄደሽ ስታዪ ከዒላማዎቹ ጀርባ ጉድጓድ ተቦርቡሮ እርሳሱ ፊት ለፊት የሚታይ ከሆነ ካሊበርሽ ቢፈቀድም አትተኩሺ።

ባለ ክላሹ፦ እኔ ብረት ያለበትን አረር በማግኔት ነው የምለየው። ከሳበ እምብርቱ (ከሽፋኑ ሥር ያለው) ብረት ነው፣ ካልሳበ ይገባል።

የሜዳ ተረኛ፦ ተሳስተሃል። ብዙ የ7.62×39 አረር እምብርቱ እርሳስ ሆኖ ሽፋኑ መዳብ የተለበጠ ቀጭን ብረት ነው። ማግኔት ያንንም ይስባል።

ባለ ክላሹ፦ እምብርቱ እርሳስ ከሆነ ታዲያ ለምን ትመልሱናላችሁ? ሽፋኑ እኮ ስስ ነው።

የሜዳ ተረኛ፦ ድንጋይ ሲመታ ብልጭታ ያወጣል። ደረቅ ሣር ባለበት ሜዳ ያ ማለት እሳት ነው።

ባለ ክላሹ፦ ቤት ውስጥ ሣር የለም።

የሜዳ ተረኛ፦ ያልነደደ ባሩድ ወለል ላይ ይጠራቀማል። ካልተጸዳ እሱም ይነዳል።

መልስ፦ ሁለታችሁም እዚህ ላይ አቁሙ። በር ላይ የቆመ ሰው አረር ቆርጦ አያይም። ማግኔት ይዞ የሚፈትሽ ሜዳ ከሳበው ይመልሰዋል፤ ምክንያቱ ሽፋን ይሁን እምብርት ለእሱ ለውጥ የለውም። ቤታችሁ ስትፈትሹ ማግኔቱን አረሩ ላይ አድርጉ። ቀለሁ ብረት ከሆነ ማግኔት መሳቡ ስለ አረሩ አይነግራችሁም። ጫፉ አረንጓዴ የተቀባው ኤም855 የሚባለው 5.56 ከጫፉ ሥር ብረት ስላለው ብዙ ቦታ አይገባም።

አዲስ አባል፦ ብረት ቀለህስ?

መልስ፦ ናስ ቀለህ ለቅሞ የሚሸጥ ሜዳ ላይፈልገው ይችላል። ጠይቅ።

ሌላ ጀማሪ፦ 7.62 የሚቀበል ሜዳ ጠቁሙኝ እባካችሁ።

መልስ፦ ከላይ ተመልሷል። የትኛው 7.62? በስንት ሜትር? አረሩ ምን? እነዚህን ሳትጽፍ መልስ የለኝም።

ረጅም ርቀት፦ .338 ላፑዋ ማግነም የት ይተኮሳል?

መልስ፦ 16.2 ግራም አረር በሰከንድ 900 ሜትር ማለት 6,500 ጁል ገደማ ነው፣ ከክላሹ ሦስት እጥፍ በላይ። ብዙ የቤት ውስጥ ሜዳዎች ስለማይቀበሉት ጊዜህን እዚያ አታጥፋ። የውጭ ሜዳ ስታናግር የጉልበት ጣሪያቸውን በጁል ጠይቅ፤ ከመቀበያው ጀርባ ያለው የአደጋ ቀጠናም ለዚህ ካሊበር መለካቱን ጠይቅ። ትንሿ .22 እንኳ ወደ ላይ ካመለጠች 1.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ትሄዳለች፤ .338 ከዚያ በብዙ ይርቃል።

ባለ 308፦ ያገኘሁት ሜዳ 25 ሜትር ብቻ ነው። መነጽሬን ለ100 ሜትር እዚያ ማስተካከል ይቻላል?

መልስ፦ መነሻውን ብቻ። መነጽርህ ከበርሜሉ መሐል 4 ሴንቲ ሜትር ከፍ ካለ፣ በ25 ሜትር አረርህ ካነጣጠርክበት ነጥብ 1.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ እንዲመታ አድርገው። በ100 ሜትር 7 ሚሊ ሜትር የምታንቀሳቅስ አንድ የመነጽር ማስተካከያ ቀጭታ በ25 ሜትር 2 ሚሊ ሜትር እንኳ አትሞላም፤ ስለዚህ አራት እጥፍ ቀጭታ ያስፈልግሃል። ስህተቱም እንዲሁ ነው፦ እዚህ 1 ሴንቲ ሜትር የሳተ እዚያ 4 ይስታል። በ100 ሜትር ሳታረጋግጥ ተስተካክሏል አትበል።

አዲስ አባል፦ ለጀማሪ የቱ ጠመንጃ ይሻላል?

መልስ፦ የዛሬው ርእስ አይደለም።

ዒላማ ወዳዷ፦ የጆሮ መከላከያስ? አፈሙዙ ላይ ወደ ኋላ መምታቱን የሚቀንስ ብሬክ አለኝ።

መልስ፦ ሁለቱንም፣ የሚሰካውንም የሚደፋውንም። ብሬክ ድምፁንና ግፊቱን ወደ ጎረቤትሽ ስለሚወረውር ቤት ውስጥ የሚከለክሉት አሉ፤ የውጭ ሜዳ ከሆነ የዳር መስመር ጠይቂ።

ዒላማ ወዳዷ፦ ለሜዳው ስጽፍ ምን ልበል?

መልስ፦ እንዲህ ብለሽ ጻፊ፦ «ጠመንጃዬ 5.56×45 ነው። አረሩ 4 ግራም፣ እምብርቱ እርሳስ፣ ሽፋኑ መዳብ፣ ማግኔት አይስበውም። የአፈሙዝ ፍጥነቱ በሰከንድ 940 ሜትር፣ ጉልበቱ 1,767 ጁል። አፈሙዙ ላይ ብሬክ አለ። በ100 ሜትር ወረቀት ላይ መተኮስ እፈልጋለሁ። መቀበያችሁ ይህን ይችላል?» ቁጥሮቹን ከጥይትሽ ካርቶን ላይ ውሰጂ። የሄድሽ ዕለት ጥይቱን በፋብሪካው ካርቶን እንዳለ ያዢ፤ ፌስታል ውስጥ የተበተነ ጥይት ምን እንደሆነ ማረጋገጥ ስለማይቻል ሊመልሱሽ ይችላሉ። ጠመንጃው ባዶ፣ ካዝናው የወጣ፣ ጥይት የሚቀመጥበት ክፍል ላይ ባዶ መሆኑን የሚያሳይ የደኅንነት ባንዲራ የገባበት ይሁን። ከማኅደሩ የምታወጪው መስመርሽ ላይ፣ ኃላፊው ሲፈቅድ፣ አፈሙዙ ወደ መቀበያው ዞሮ ብቻ ነው።

ጀማሪው፦ ጋሼ፣ በርሜሉን አየሁት፣ 7.62×39 ነው። ደውዬ «ይገባል» አሉኝ። ይበቃል?

መልስ፦ ማን አለህ? ስለ አረሩ ነገርከው? ስልክ ያነሳው ሰውና መስመር ላይ የሚቆመው ኃላፊ የተለያዩ ናቸው፤ ጥይትህን የሚያየው ሁለተኛው ነው። በጽሑፍ ተቀበል።