ጫካ ስትገቢ ሰዓትሽን ኪስሽ ክተቺው

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ሐዋሳ መናኸሪያ ክፍለ ከተማ ነው የምኖረው። ሥራዬ ባንክ ውስጥ ስለሆነ ተቀምጬ ነው የምውለው። ሁለት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ሐይቅ ዳር አስፋልቱ ላይ ሮጫለሁ። 10 ኪሎ ሜትር በ58 ደቂቃ እጨርሳለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ጓደኞቼ ወንዶ ገነት ጫካ ይዘውኝ ሄዱ። ሰዓቴ 9 ኪሎ ሜትር ነው ያለው፤ የፈጀብኝ ግን 1 ሰዓት ከ32 ደቂቃ። ዳገቱን ግማሹን በእርምጃ ነው የወጣሁት፣ እፍረቴን! ሰኞ ደግሞ የቢሮውን ደረጃ መውረድ አቅቶኝ ዞሬ በጀርባዬ ወረድኩ። ጥበቃው ሳቀብኝ። ኮንዲሽኔ ነው የወረደው ወይስ ጫካ ለእኔ አይሆንም? — ሜ.

መልስ፦ ሜ. እህቴ፣ ጥበቃውን ተይው። አንድ ቅዳሜ ይዘሽው ብትሄጂ እሱም በጀርባው ነው የሚወርደው።

ከሰዓትሽ እንጀምር። ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ ሥር የሳተላይቱ ምልክት ይቆራረጣል። መንገዱ ሲጠማዘዝ ሰዓቱ ጥምዝምዙን ቆርጦ ቀጥ ያለ መስመር ያደርገዋል። ስለዚህ 9 ያለሽ ርቀት 10 ቢሆን አይገርመኝም። ከፍታውም አለ። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የወንዶ ገነት ዳገት ሽቅብ ሲወጣ ከ2,000 ሜትር ያልፋል። ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ ትንፋሽ ያሳጠረሽ ከፍታው አይመስለኝም። ዳገቱን በአስፋልት ፍጥነት ልትወጪው ሞክረሻል።

እኔ የሩጫ ክለብ ውስጥ በነበርኩበት ጊዜ አሰልጣኛችን ጫካ ልንገባ ስንል ሰዓታችንን ሰብስቦ ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ይከት ነበር። «50 ደቂቃ፣ ኢዚ» ይላል፤ ኢዚ ማለት ዘና ብሎ፣ ቀስ ብሎ መሮጥ ነው። በቃ። ስንት ኪሎ ሜትር ብሎ የጠየቀ ይሰደባል። አንዱ ይመራል፣ ሌሎቻችን በሰልፍ ሆነን የፊተኛውን ኮቴ እያየን እንከተላለን። መሪው በዛፎቹ መሀል እንደ እባብ ይጠማዘዛል። ዳገቱን ፊት ለፊት አይገጥመውም፤ እያገደመ ነው የሚወጣው። እንጦጦ ባህር ዛፍ ውስጥ በጠዋት የሚሮጡትን ካየሽ እንደዚሁ ናቸው። እዚያ ከፍታው 3,000 ሜትር ገደማ ነው። በውድድር ቀን ዓይንሽ የማይከተለው ሯጭ በኢዚ ቀን ቢያገኝሽ አብረሽው ልታወሪ ትችያለሽ።

ስለዚህ በደቂቃ ሩጪ። መጀመሪያ 40 ደቂቃ፣ ከወር በኋላ 60። ማውራት ካቃተሽ ፍጥነትሽን ቀንሺ። ዳገቱ ሲከብድ ተራመጂ፤ እኔ እስከ ዛሬ እጄን ጭኔ ላይ ተክዬ እየተራመድኩ እወጣለሁ። አላፍርም።

አሁን ወደ ሰኞው ደረጃ እንምጣ። ሰው ሁሉ ዳገትን ይረግማል፤ እግርሽን የጎዳው ግን ቁልቁለቱ ነው። ስትወጪ የጭንሽ ጡንቻ እየተኮማተረ ይገፋሻል። ስትወርጂ ያው ጡንቻ እየተለጠጠ ፍሬን ይይዛል። ይሄ ፍሬን መያዝ ያልለመደ ጡንቻ ላይ ጥቃቅን ጉዳት ያደርሳል። ሕመሙ ወዲያው አይመጣም፤ በማግስቱ ይጀምርና በሁለተኛው ቀን ይብሳል። ቅዳሜ ሮጠሽ ሰኞ መያዝሽ ለዚህ ነው። ደስ የሚለው ነገር ጡንቻ ትምህርት ይይዛል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ያንኑ ቁልቁለት ብትወርጂው ሕመሙ ግማሽ እንኳ ላይሆን ይችላል። ጉልበትሽ መገጣጠሚያው ላይ ካበጠ ወይም የሚወጋ ሕመም ካለ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ሐኪም ይየው።

አወራረድ ደግሞ ይለመዳል። እርምጃሽን አሳጥሪ፣ ቶሎ ቶሎ ርገጪ። ጉልበትሽን ትንሽ እጠፊው። ወደኋላ ተንጋለሽ በተረከዝ ፍሬን አትያዢ፤ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው፣ የሚንሸራተተውም በዚያ ነው። ክንድሽን ከፈት አድርጊው፣ ዶሮ ብትመስዪም ግድ የለም። ዓይንሽ ጫማሽ ላይ ሳይሆን ሦስት አራት ሜትር ፊት ለፊት ይሁን። ጉሬዛ ካየሽ ደግሞ ቆመሽ እዪ። እየሮጡ ወደ ላይ ማየት ጥርስ ያስወልቃል።

ይህን የምለው ቀምሼው ነው። አንድ ሐምሌ፣ ዝናብ ካባራ በኋላ፣ ቀይ አፈሩ እንደ ሳሙና ሆኖ ሳለ ቁልቁል እበር ነበር። ማገዶ የተሸከመች እናት ከፊት መጣች። መቆም ሲገባኝ በጎን ልለፍ ብዬ ዘለልኩ። አንድ የዛፍ ሥር ላይ አርፌ ቁርጭምጭሚቴ ዞረ። እሷ ሸክሟን አውርዳ ደግፋ አነሳችኝ፣ ከዚያ ሸክሟን መልሳ ለመሸከም እርዳታ ያስፈለጋት በእኔ ምክንያት ነው። ወጌሻው ሦስት ሳምንት አስቀመጠኝ። ከዚያ ወዲህ ሸክም ያለው ሰው፣ አህያም ቢሆን፣ ሲመጣ ዳር ይዤ እቆማለሁ። መንገዱን በእግራቸው ያወጡት እነሱ ናቸው።

ጫማ ብዙ አትጨነቂ። ሶሉ ጥርስ ያለው፣ ተረከዙ ያልረዘመ ይሁን። የአስፋልት ወፍራም ጫማ ሥር ላይ ሲያርፍ ቁርጭምጭሚት ያዞራል። ሰልባጅ ገበያ ታጋሽ ሰው ጥሩ ያገኛል። በሳምንት አንድ ቀን ጫካ፣ አንድ ቀን ኮሮኮንች፣ የቀረውን ሐይቅ ዳርሽን ሩጪ። ከጫካው ሩጫ በኋላ የወንዶ ገነት ፍል ውሃ መታጠቡ ይጣፍጣል፣ እሱን አልከለክልሽም።

ጥያቄ፦ የ14 ዓመት ልጄ ገና ሳይነጋ ብቻዋን እዚሁ ሐዋሳ ታቦር ተራራ ትወጣለች። እናቷ አልተኛ አለች። ምን ይሻላል? — የታቦር ነዋሪ አባት

መልስ፦ ጌታዬ፣ ሩጫውን አይከልክሏት። ጨለማውንና ብቸኝነቱን ግን ይከልክሏት። ጅቡም ከሰፈር የሚመለሰው በዚያው ሰዓት ነው፣ ድንጋዩም አይታይም። በደንብ ሲነጋ ትውጣ፣ ሁለት ጓደኛ ይኑራት። ጓደኛ እስኪገኝ እርስዎ አብረዋት ይውጡ። ካልቻሉ ከሥር ውሃ ይዘው ይጠብቋት፤ እናትየዋም ያኔ ትተኛለች።