ከሰላምታ በፊት የሚመጣ ጥያቄ

ልጆቼ፣

ዘንድሮ አሜሪካ ውስጥ ዩኒቨርሲቲ የምትገቡ አላችሁ። እኔ ከአንዱ ግቢ በኢንጂነሪንግ ከተመረቅሁ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ዛሬም በየዓመቱ «አዋጡ» የሚል ደብዳቤ ይደርሰኛል፤ አቅሜ የፈቀደውን እልካለሁ። ከኦክቶበር 7፣ 2023 ወዲህ ግን (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) አብረውኝ የተማሩ አይሁድ ጓደኞቼ ደብዳቤውን ሳይከፍቱ መጣል ጀመሩ። አንዷ «ልጄ ግቢ ስትገባ የአንገቷን የዳዊት ኮከብ ሹራቧ ውስጥ ትደብቃለች» አለችኝ።

ያን ቀን ሐማስ እስራኤል ውስጥ ወደ 1,200 ሰው ገደለ። ቀጥሎ በመጣው ጦርነት ጋዛ ውስጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ አለቀ። ተማሪ ለዚህ ሕዝብ ባይጮኽ ነበር የሚገርመኝ። እኛም በጊዜያችን የደቡብ አፍሪካን አፓርታይድ ለመቃወም ብለን ግቢው መሃል የጣውላ ጎጆ ቀልሰናል። እስራኤልን የነቀፈውን ሁሉ አይሁድ ጠል የሚያደርጉ የቀድሞ ተማሪዎች አሉ፤ ከእነሱ ጋር አልስማማም።

የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ተመራቂ የሆነው ባለሀብት ማርክ ሮዋን፣ ለጋሾች ለዩኒቨርሲቲው 1 ዶላር ብቻ እንዲልኩ ሲቀሰቅስ ሳቄ መጣ። ዕድርተኛ ሲያኮርፍ መዋጮ እንደሚያቆመው ማለት ነው። ፕሬዚዳንቷ ሊዝ ማጊል በዲሴምበር ኮንግረስ ፊት ቀረበች። አይሁድ ይጨፍጨፉ ማለት የግቢውን ደንብ ይጥሳል ወይ ተብላ ስትጠየቅ እንደ ጠበቃ መለሰች። በአራተኛው ቀን ሥራዋን ለቀቀች። ጥያቄው ተገቢ ነበር። ቼክ እንዲህ ጉልበት ሲያገኝ ግን እኔንም ይጨንቀኛል።

ከሁሉ ያልወጣልኝ የሎስ አንጀለሱ ነው። በ2024 የጸደይ ወራት በዩሲኤልኤ (የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ሎስ አንጀለስ) ግቢ የተቃውሞ ድንኳን ተተከለ። አንዳንድ አይሁድ ተማሪዎች ለእስራኤል ያላቸውን ድጋፍ አንክድም በማለታቸው በገዛ ግቢያቸው እንዳያልፉ ተከለከሉ። በኦገስት አንድ የፌዴራል ዳኛ ዩኒቨርሲቲው ይህን ዝም ብሎ ማየት እንደማይችል አዘዘ። ያንኑ ድንኳን በሌሊት ዱላ ይዘው የወረሩም ነበሩ፤ እሱም ነውር ነው።

ሰውን በር ላይ አቁሞ መለየት ግን አዲስ አይደለም። በ1922 የሃርቫርድ ፕሬዚዳንት ሎወል አይሁድ ተማሪዎች ከ15 በመቶ እንዳይበልጡ ፈለገ። መምህራኑ በኋላ ኮታውን ውድቅ አደረጉት። የማመልከቻው ቅጽ ግን በዚያው በ1922 አባታችሁ የት ተወለደ፣ እናታችሁ ከማግባቷ በፊት ማን ትባል ነበር፣ የቤተሰባችሁ ስም ተቀይሮ ያውቃል ወይ እያለ መጠየቅ ጀመረ። ያኔ «በዙብን» እያሉ ካጉረመረሙት መካከል፣ ጉድ ነው፣ የቀድሞ ተማሪዎችም ነበሩ።

ለሐበሻ ይሄን ማስረዳት አያስፈልግም። «የአባትህ ስም? የአያትህስ?» ሲባል ምን እየተፈለገ እንደሆነ እናውቃለን። ቤተ እስራኤልን ብረት ስለቀጠቀጡ፣ ሸክላ ስለሠሩ «ቡዳ» ስንል የኖርን ሰዎች ነን። የፈረንጅ ጣጣ ነው ብለን የምንሸሸው አይደለም።

ሰልፍ ውጡ፤ ሕሊናችሁ ካላችሁ ጩኹ። ግን የዶርም ጓደኛችሁን ኪፓ (የአይሁድ ወንዶች ቆብ) ስላደረገ ብቻ «አንተ አቋምህ ምንድን ነው?» ብላችሁ አትቀበሉት። ሌላው እንዲህ ሲጠይቀው ካያችሁም አጠገቡ ቁሙ፤ ምሳ አብራችሁት ብሉ። ግድግዳ ላይ ስዋስቲካ፣ የናዚዎችን ምልክት፣ ካያችሁ ፎቶ አንሱና በጽሑፍ አመልክቱ፤ በቃል የተነገረ ይረሳል። የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ስድስተኛ ክፍል አይሁድን በዘር ሐረጋቸው ይጠብቃቸዋል። ዐረቡን ተማሪም፣ እናንተንም ይጠብቃል።

ይሄን ሁሉ የምለው እኔ ንጹሕ ሆኜ አይደለም። የሰሜኑ ጦርነት በጀመረበት ሰሞን፣ አንድ ካፌ ውስጥ ከአገር ቤት ገና ከመጣ ወጣት ጋር ተዋወቅሁ። እንደኔ ኢንጂነር ነው። እንዴት ነህ፣ የት አረፍክ ሳልለው «የአያትህ ስም ማነው?» አልኩት።

ስኒውን አስቀመጠ። «ጋሼ፣ ብነግርዎት ምን ሊያደርጉበት ነው?» አለኝ። የምመልሰው አጣሁ። የራሱን ሒሳብ ከፍሎ፣ ጃኬቱን ደርቦ ወጣ። ከዚያ ወዲህ አይቼው አላውቅም።